በሟች ስም የተጻፈ ይቅርታ

ለመሆኑ የሞተ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሰፈሩ አዳራሽ ፎቅ ላይ ብትወጡ ኖሮ ታዩ ነበር። አሥር የተከበሩ ሰዎች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ መንደሪን እየላጡ፣ በአንድ ሟች ስም የይቅርታ ደብዳቤ አዘጋጅተው ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ያፈረ ሰው አልነበረም።

ኪኑዮ አዋዙ በመስኮቱ በኩል ነበረች። ባሏ ሺጌኪ ፌብሩዋሪ ላይ ከሞተ ወዲህ የምትቀመጥበትን ቦታ ሰው ነው የሚመርጥላት። ተቀመጪ ሲሏት ትቀመጣለች፣ ብዪ ሲሏት ትበላለች። አላለቀሰችም። ጥርስ ሐኪም የማደንዘዣ መርፌ ሲወጋችሁ ድዳችሁ እንዴት ይሆናል? እንደዚያ ነበረች። ሁሉም ነገር በቦታው አለ፣ ግን የሌላ ሰው ነው።

አሥሩ ሰዎች የሰፈሩ የፎቶ ማኅበር አባላት፣ ሁሉም ጡረተኞች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ የሚያወሩት ስለ አንድ ቀን ነው፤ ተራራው ላይ ባለው ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ የቆመው ትልቁ ሞሚጂ፣ ያ ቅጠሉ የሕፃን መዳፍ የሚመስለው ዛፍ፣ በመጸው ቀልቶ እሳት ስለሚመስልበት ቀን። ሺጌኪ ያንን ዛፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሳያቋርጥ አንስቶታል። ሃያ ሁለቱም ፎቶዎች ሳሎናቸው ውስጥ በተርታ ተሰቅለዋል።

ጠረጴዛው ላይ ቅጠል በየተራራው መቼ እንደሚቀላ የሚተነብይ ካርታ ተዘርግቷል።

«የእኛ ተራራ የሚደምቀው ከኖቬምበር አሥራ አንድ እስከ አሥራ ሰባት ነው ይላል» አለ ሊቀመንበሩ ኩራሚጹ። ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ስለሆነ ሁሉም መምህር ይሉታል። «አውቶቡሱን ለኖቬምበር አሥራ ሦስት ይዣለሁ። ገና ሳይነጋ እንነሳለን፤ የዘገየ ይቀራል።»

«መምህር፣ ብቻ ከሃታኖ ጎን እንዳያስቀምጡኝ» አለች ወይዘሮ ኦባ። «አምና መንገዱን ሙሉ ጆሮዬ ሥር ሲያንኮራፋ ነው የደረስነው።»

«አንቺስ?» አለ ሃታኖ። «ያን ሁሉ አገር አቋርጠሽ ያነሳሽው የራስሽን አውራ ጣት አይደለም እንዴ?»

«አውራ ጣቴ ካንተ ዛፍ ይሻላል። ቢያንስ አልደበዘዘም።»

ሳቁ። ኪኑዮም ሌሎቹ ሲስቁ አይታ ከንፈሯን ከፈት አደረገች።

«የፊተኛው ወንበር፣ በመስኮት በኩል ያለው፣ የወይዘሮ አዋዙ ነው» አለ ኩራሚጹ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንዲት ትንሽ ጉዳይ ብቻ ቀርታለች።»

ጉዳዩ ትንሽ አልነበረም። ይህ ማኅበር አስቀያሚ ልማድ አለው። አንድ ቅርንጫፍ የሚያነሱትን ነገር ከጋረደባቸው በሽቦ ወደ ጎን ጎትተው ያስሩታል፣ ሲጨርሱ ይፈቱታል። ፍቅራችን ለተፈጥሮ ነው የሚሉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። አምና ግን የፈታ አልነበረም። ሽቦው የዛፉን ልጥ እየበላ ገባና በክረምቱ ዝናብ ወቅት ትልቁ ቅርንጫፍ ደረቀ። የቤተ መቅደሱ መነኩሴ ካሳ አልጠየቁም። ያሰረው ሰው በስሙ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ያን ጊዜ ኑ፣ አለዚያ ደጄ ላይ እንዳላያችሁ ብለው ጻፉ።

ኩራሚጹ ያዘጋጁትን ደብዳቤ በሁለት እጁ ለኪኑዮ አቀረበላት።

«ማን አሰረ እያልን ብንመረማመር ጠብ ነው የሚተርፈን» አለ። «ሃያ ስድስት ዓመት ተፋቅረን የኖርን ሰዎች ነን። ሺጌኪ ቢኖር ራሱ በእኔ ይሁን ይል ነበር። እንደዚያ ያለ ሰው አልነበረም?»

«ነበረ» አሉ ሁሉም።

«እሱን ከእንግዲህ ምንም አይጎዳውም፣ እህቴ» አለች ወይዘሮ ኦባ እጇን የኪኑዮ ጉልበት ላይ አሳርፋ። «ማኅተምሽን ብቻ ምቺበት። ከዚያ አብረን እንሄዳለን።»

ይህንን ነው ደግነት የሚሉት። አሥር ሕያዋን እንዳያፍሩ አንድ ሙት ይፈርላቸው። ሙት አይከራከርም፣ አውቶቡስ ላይም ወንበር አይሻማም።

ኪኑዮ የቤተሰቡን ማኅተም ከቦርሳዋ አወጣች፤ ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ በፊርማ ፋንታ የምታገለግል እንጨት ናት። ቀዩን ቀለም ከፈተች። ክፉም ደግም አልተሰማትም። እጇ ሥራውን ያውቀዋል፤ በዚህ ዓመት የሆስፒታሉን፣ የባንኩን፣ የመቃብሩን ወረቀት ሁሉ ያተመችው በዚሁ እጅ ነው። ማኅተሙን ቀለም ካስነካች በኋላ የት ላይ እንደምታሳርፈው ስትፈልግ ዐይኗ መስመሩ ላይ ወደቀ።

«ሟች ባለቤቴ ሺጌኪ አዋዙ ባለፈው ዓመት ኖቬምበር መሰላል ላይ ወጥቶ ቅርንጫፉን በሽቦ ካሰረ በኋላ ሳይፈታው በመቅረቱ...»

መሰላል ላይ ወጥቶ። ደግማ አነበበችው።

አምና ኖቬምበር ሺጌኪ ክንዱን እስከ ትከሻው ማንሳት አይችልም ነበር። ዛፉ ሥር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ሳለ ካሜራውን የያዘችለት እሷ ናት፤ እሱ በጣቱ መጫን ብቻ ነበር የቀረው። አንድ ቅርንጫፍ ጋርዷቸው ሲጠብቁ ቆዩ። ከኋላቸው የመሰላል ብረት ተንቋቋ፣ ቅርንጫፉ ገለል አለ፣ አንድ ሰው «አሁን ይታያል፣ አንሳ» አለ። ሺጌኪ አመሰገነ። እሷ ካሜራው ላይ አጎንብሳ ስለነበር ማን እንደሆነ ዞራ አላየችም።

ንዴት እንኳ አልመጣላትም። የቀለሙን ክዳን መልሳ ገጠመችው።

«መምህር፣ አምና የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ» አለች።

«እናውቃለን፣ እናውቃለን። አሁን ያንን ማንሳት ምን ይጠቅማል?»

«ከነወንበሩ ተሸክማችሁ አውቶቡስ ላይ ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ። መሰላሉ ላይ በምን እግሩ ወጣ?»

ወይዘሮ ኦባ እጇን ከኪኑዮ ጉልበት ላይ አነሳች። ሃታኖ ካርታው ላይ አቀረቀረ።

«ደብዳቤው ካልሄደ ጉዞው የለም» አለ ኩራሚጹ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የዘንድሮውን ፎቶ አይፈልጉትም? ሃያ ሦስተኛውን?»

«እፈልገው ነበር» አለች። ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ትመስል ነበር። ከዚያ ተነስታ ቆመች። በዚያ አዳራሽ ቆሞ የሚናገር ሊቀመንበሩ ብቻ ነው።

«እኔ የራሴን ደብዳቤ እጽፋለሁ። ቅርንጫፉ ሲጎተት እዚያ ነበርኩ፤ ስለተመቸን ዝም አልኩ ብዬ ማኅተሜን አኖርበታለሁ። እናንተ አሥር ናችሁ። አንዳችሁ መሰላል ላይ ወጥቷል፣ የቀራችሁትም ሲወጣ አይታችኋል። ማታ ስልክ እንዳትደውሉልኝ፣ ስጦታ ይዛችሁም ቤቴ እንዳትመጡ። ሽቦውን ያሰረው ማን ነው? እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ተነስቶ ስሙን ይናገር።»