ድምፁ አለ፣ ቃሉ የለም

በ2005 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ጎንደር ፒያሳ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የነገዱት ሐጂ ዐብዱልከሪም ከቴሌቪዥናቸው ጋር ተጣሉ። ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ዜና አንባቢው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ የሚሰማቸው ግን ጉርምርምታ ብቻ ነው።

«ድምፁ አለ፣ ቃሉ የለም» ይሏታል ሚስታቸውን ሐዲጃን።

«ኧረ እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማዋለሁ። ጎረቤቱም ይሰማዋል። ቀንሰው እንጂ!»

ጓዳ ሆና የምትሰማው ጩኸቱን ነው ብለው አላመኗትም። ሪሲቨሩን ነቅለው ሰኩት። የሪሞቱን ባትሪ ቀየሩ። አንድ ዲሽ አስተካካይ ጣራ ላይ አውጥተው ሳህኑን ሲያስዞሩ ዋሉ። አዲስ ሪሲቨርም ገዙ። ለውጥ የለም።

በመጨረሻ አበቡን አስጠሩ። አበቡ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ጨርሳ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ የከፈተች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ከአሱር ሶላት በኋላ መጣች፤ አንዲት ቦርሳ ብቻ ይዛለች። ቁጭ ከማለቷ በፊት የሲግናሉን መጠን አየች።

«ዲሹ ደህና ነው፣ ሐጂ። ይሄ ዲጂታል ነው፤ ሲግናሉ ቢደክም ምስሉም አብሮ ይቆራረጥ ነበር።»

«ታዲያ ሪሲቨሩ ነው?»

«ሁለት ሪሲቨር ባንድ ዓይነት በሽታ አይታመምም።»

ከሪሲቨሩ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄዱትን ቀይና ነጭ ገመዶች አቀያየረች። ከዚያ ነቅላ የራሷን ሰካች። ሐጂ ከቦታቸው ሆነው «ለውጥ የለም» ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። አበቡ ዞር ብላ አየቻቸው። ሶፋው ግድግዳውን ተጠግቶ ተዘርግቷል፤ ቴሌቪዥኑ በቀኛቸው በኩል ነው። ጥቂት አሰበችና ከቦርሳዋ የጆሮ ማዳመጫ አወጣች፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክታ በሁለቱ ጆሯቸው አደረገችላቸው።

«የቀኙ ተበላሽቷል» አሉ ሐጂ ወዲያው። «ግራው ግን ሸጋ አድርጎ ይናገራል!»

አበቡ የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አዟዟረችው።

«አሁንስ?»

ሐጂ ማዳመጫውን በእጃቸው ዳሰሱት። አሁንም ግራው ይናገራል፤ ቀኙ ዝም ነው። አበቡ ማዳመጫውን ወስዳ በራሷ ጆሮ ሞከረችውና ገመዱን መጠቅለል ጀመረች።

«ዕቃው ደህና ነው፣ ሐጂ። ጆሮዎን ሐኪም ይይልዎ።»

ሐኪሙ በማግስቱ አየላቸው። የቀኝ ጆሯቸው ከቆየ ቁስል የተነሳ ቀስ በቀስ እየደከመ መጥቶ አሁን ጨርሶ እንደማይሰማ፣ ተመልሶም እንደማይድን ነገራቸው። ሐጂ ሰምተው ወጡ። ብዙም አላዘኑም። ወደ ቤት ሲሄዱ በባጃጁ ውስጥ ያሰቡት ሰውአገኝን ነበር።

ሰውአገኝ የማክሰኝት ከብት ነጋዴ፣ የሃያ ዓመት ወዳጃቸው ነው። በጥር ሴት ልጁን ሲድር ሳይጠራቸው ቀረ፤ እሳቸውም «ሃያ ዓመት ለካ እንዲህ ነው የሚረሳ» ብለው አኮረፉ። እሱም ከዚያ ወዲህ ወደ ሱቃቸው ዝር አላለም። አሁን ግን ትዝ አላቸው፤ በታኅሣሥ ከማክሰኝት ወደ ጎንደር በሚኒባስ አብረው ሲመጡ ሰውአገኝ በቀኛቸው ተቀምጦ ብዙ አውርቶ ነበር። እሳቸው የመኪናው ጩኸት ነው ብለው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ነው የመጡት።

በገበያ ቀን ማክሰኝት ወረዱ። ሰውአገኝ ሊገዛ በሬ አገላብጦ ሲያይ አገኙት። ሰላምታውን ባጭሩ መለሰ።

«ለሠርጉ ጠርተኸኝ ነበር ወይ?» አሉት።

«ምነው አያ ዐብዱልከሪም! ሚኒባስ ውስጥ ስለምንህ እሺ ብለህ ነቀነቅህ እኮ! ለናንተ ብዬ በግ ለብቻ በእስላም እጅ አሳርጄ፣ ድንኳን ለብቻ ተክዬ፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ መንገዱን ሳይ ዋልሁ።»

«አልሰማሁህም። ቀኝ ጆሮዬ ሞቷል፤ እኔም ያወቅሁት በዚህ ሳምንት ነው።»

ሰውአገኝ ትክ ብሎ አያቸው። ከዚያ በቀኛቸው ዞሮ ከትከሻቸው ኋላ ቆመና ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረ። በሬውን የያዘው ገበሬ አፉን ይዞ ሳቀ። ሐጂ ዘወር ያሉት ገበሬው ሲስቅ አይተው ነው።

«ምን አልህ?»

«ይቅር። እንዲያ ያለውን የሰማ ሰው ዝም አይልም» አለ ሰውአገኝ። ፊቱ ግን ገና አልተፈታም። «ወንድሜ ነው ብዬ፣ በልጄ አጎቶች ፊት አፈርሁብህ።»

«እውነትህን ነው» አሉ ሐጂ።

ሰውአገኝ በሬውን ለገበሬው ትቶ ጥቂት አብሯቸው ሄደ። መጀመሪያ በለመደው በቀኝ በኩል ነበር፤ ኋላ አስታውሶ ወደ ግራ ተሻገረ። ልጅቱ አይከል እንደምትኖር፣ ባሏ እህል ነጋዴ እንደሆነ ነገራቸው። ሐጂ ሄደው ሊጠይቋት እንደሚፈልጉ ተናገሩ።

«ብቻህን አትሄድም» አለ ሰውአገኝ። «ከሰኔ በፊት ይሁን፤ ኋላ ክረምቱ ይገባል።»