ሳይደነግጥ ይብረድ

ልጅቷ በትኩሳት አልጋ ላይ ብትወድቅም ሐሳቧ ሁሉ ላቦራቶሪው ምድጃ ውስጥ ነበር። መዳብ፣ ብረትና ድኝ ጣት በምታህል፣ ድንገተኛ ቅዝቃዜ በማይሰነጥቃት የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ዘግታ አራት ወር ሙሉ ስታግል ከርማለች። ምድጃው ለተረኛው ተማሪ ስለሚሰጥ ዛሬ የግድ መውጣት አለበት፤ የእሷም የጥናት ጊዜ ሊያልቅ አሥራ አምስት ቀን ቀርቶታል።

«እማዬ፣ ቅዳሜ ከእናንተ ከጽዳት ሠራተኞቹ በቀር የሚገባ የለም፤ አንቺው ነሽ የምታወጪልኝ። በጉጠት ይዘሽ ባልዲው ውሃ ውስጥ፣ ወዲያው። ቀስ ብሎ ከበረደ ሁለት ማዕድን ሆኖ ይለያያል። እኔ የምፈልገው እንደጋለ የነበረውን መልኩን ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ድስት ሳወርድ ኖሬ ይቺ ታቅተኝ?»

«ድስት አይደለም፣ እማዬ።»

እናት ላቦራቶሪው ደርሳ የምድጃውን በር ስትከፍት ብልቃጡ ፍም መስሏል። ባልዲው እግሯ ሥር ነው። እጇ ግን እምቢ አላት። የጋለ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው እንዴት እንደሚፈረካከስ ስንቴ አይታለች። የልጄ ድካም በእጄ ላይ ውሃ ሊበላው ነው ብላ ፈራች። ምድጃውን አጠፋች፤ በሩን ገርበብ አደረገች። «ሳይደነግጥ ይብረድ» አለች ለራሷ። ኮሪደሩን ወልውላ ከሰዓት በኋላ ተመለሰችና ብልቃጡን ውሃው ውስጥ ከተተችው። አልተሰነጠቀም። ደስ አላት።

በአራተኛው ቀን ልጅቷ ድና ተነሣች። ማዕድኑን ቆርጣ፣ አለስልሳ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባችው። ከዚያ እናቷን ጠራች።

እናት አጎንብሳ አየች። ወይን ጠጅ በመሰለው መደብ ላይ ቀጫጭን ቢጫ መስመሮች እንደ ሽመና ተጠላልፈዋል።

«ያምራል» አለች።

«በዚያ ግለት አንድ ወጥ መሆን ነበረበት። ወዲያው ነው አይደል የከተትሽው?»

«ወዲያው።»

የልጅቷ ፊት በራ። «እንግዲያው መጻሕፍቱ ተሳስተዋል ማለት ነው» ብላ መጻፍ ጀመረች። እናት ብዕሩ ሲሮጥ አየች። ልጇ በሰው ፊት ቆማ ይህንኑ ስታነብ ታያት።

«ልጄ፣ ተዪው። ምድጃው ውስጥ ነው የበረደው። እንዳይሰበር ብዬ ነው።»

ብዕሩ ቆመ።

«መንገርሽ ደግ ነው» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ውስጥ ግን ደግ ነገር አልነበረም።

«መልሰን ብናግለውስ?»

«አራት ወር ይፈልጋል። ያለኝ አሥራ አንድ ቀን ነው፣ እማዬ።»

በወዲያኛው ክፍል ተረኛው ተማሪ የራሱን ብልቃጥ አስገብቶ የምድጃውን በር ዘጋ።