የካታሪና ድርሻ

ግርማቸው ኢንገርን በቅጡ የተዋወቃት ስዊድን አገር፣ ኪስታ በሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ በጋራ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2004 ጥቅምት ላይ ልብሱ እስኪደርቅ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ፣ ሰባ ዓመት ያለፋት ጎረቤቱ በልብስ ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ፎቶኮፒ ዘርግታ በአጉሊ መነጽር ታያለች። ጽሑፉ ጀርመንኛ ነው፦ የቤት ቁጥር፣ የባለይዞታ ስም፣ የመሬት ስፋት፣ የፈረስና የላም ብዛት።

ግርማቸው ዓይኑን መንቀል አቃተው። በወጣትነቱ አርሲ፣ ጭላሎ ውስጥ መሬት ሲለካና ሲመዘግብ ኖሯል፤ ስዊድንም የመጣው ያንኑ ሙያ ሊማር ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን የመሬት መዝገብ በእጁ ነክቶ አያውቅም።

«የማን መሬት ነው?» አላት።

«በእናቴ በኩል፣ የአያቴ ቅድመ አያት። ያዕቆብ ቪበ ይባላል። ሜኖናይት ነበር።»

አጫወተችው። ሜኖናይቶች ጦር አናነሳም የሚሉ ክርስቲያኖች ናቸው። ከሆላንድ ተነስተው ቪስቱላ ወንዝ ዳር ሰፈሩ፤ እዚያም የአገሩ ንጉሥ ሕጉን ሲያጠብቅባቸው ወደ ደቡብ ሩሲያ ሜዳ ወረዱ። በሰፈሩበት መንደር የ1808 መዝገብ ላይ ቤት ቁጥር 14 የያዕቆብ ቪበ ነው። በ1816 ግን ያው ቤት ክላሰን በሚባል ሰው ስም ተጽፏል፤ ቪበ የሚባል ባለይዞታ በመንደሩ የለም።

«ስድስት ዓመት ፈለግሁ» አለች ኢንገር። «እናቴ ‹ጠጥቶ መሬቱን ያጣ ሰው ነው› ትል ነበር። ልክ ሳትሆን አልቀረችም።»

ግርማቸው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ አያቸው። የመሬቱ ስፋት አልተለወጠም።

«ሚስቱንስ ፈልገሻታል?»

«ሚስቱን? ስሟንም አላውቀው።»

«ጭላሎ ውስጥ የአንድ ሰው ስም ከመዝገብ ሲጠፋብን መጀመሪያ የምንጠይቀው ሚስቱን ነበር። ይህ የባለይዞታዎች ዝርዝር ብቻ ነው። የቤተሰቡ ዝርዝር ለብቻው ይኖራል፤ እሱን እዘዢ።»

ዝርዝሩ የተቀረጸበት ማይክሮፊልም ከውጭ አገር እስኪመጣ አምስት ሳምንት ፈጀ። በታኅሣሥ አንድ ከሰዓት በኋላ ኢንገር በራቸውን አንኳኳች። የከፈተችላት የግርማቸው ባለቤት አስካለ ማርያም ናት። ኢንገር ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ እንደቆመች ማንበብ ጀመረች።

«‹ቤት ቁጥር 14፣ ክላሰን። ሚስቱ ካታሪና፣ በ1811 የሞተው የያዕቆብ ቪበ መበለት። የእንጀራ ልጆች፣ ፔተር ቪበ፣ 13፤ ሄለና ቪበ፣ 9። እርሻው እኩሌታው የመበለቲቱ፣ እኩሌታው የልጆቹ።›» ቀና አለች። «ፔተር የአያቴ አያት ነው። ያዕቆብ መሬቱን አላጣም፤ ሞቶ ነው!»

ከዚያ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ምነው እናቴ ይህን በሰማች» አለች ቀስ ብላ።

አስካለ ማርያም ትከሻዋን ዳበሰቻት። «ሜኖናይቶችን አውቃቸዋለሁ» አለቻት። «ናዝሬት ሆስፒታል ነበራቸው፤ ወንድሜን ያዳኑት እነሱ ናቸው። ግን ስሚኝ፣ መሬቱን ለልጆቿ ያቆየችው ይቺ ሴት አይደለችም? እኔ ብሆን ከሁሉም በላይ የምጽፈው እሷን ነው።»

ኢንገር ሳቀች። ከቦርሳዋ የትውልድ ሐረጉን አወጣች፤ ከያዕቆብ ጎን ለስድስት ዓመት ባዶ በቆየው ቦታ ላይ ካታሪና ብላ በትልቁ ጻፈች።

ግርማቸው አጎንብሶ ወረቀቱን አየ። «አባቷስ የት አገር ነበር መሬት የያዘው?»

«ቪስቱላ ዳር ይመስለኛል። ግን እኮ ሌላ ስድስት ዓመት የለኝም፣ ግርማቸው።»

«ለሁለት ሰው ሦስት ዓመት ይበቃል» አላት።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ አብረው ቤተ መጻሕፍት ይሄዳሉ። እሷ ጀርመንኛውን ታነብለታለች፣ እሱ የእርሻዎቹን ድንበር በእርሳስ ይስላል። አስካለ ማርያም ጠዋት በመስኮት ስታያቸው፣ በበረዶው ላይ ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ የማን ማሳ ከማን ጋር እንደሚዋሰን እየተከራከሩ ወደ ባቡር ጣቢያው ይወርዳሉ። ባሏ እንዲህ በጠዋት ለብሶ ሲወጣ ካየች ብዙ ዓመቷ ነው።