የጠፋችው ብሎን

አምባው ከዳንግላ መጥቶ አሶሳ ማስተማር ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከአከራዩ ከእማማ ኢቲዳል ጋር እንኳ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። ከሥራ ሲመለስ የሚያናግረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ላፕቶፑ ውስጥ ያሉት አባቱ። ሽማግሌው ከመሞታቸው በፊት እህቱ ዘመናይ ቀርጻ የላከችለት ቪዲዮ ነው፤ እሷም ዘንድ ግልባጭ የለውም። ላፕቶፑ አርጅቶ አቅም ስላነሰው ሁልጊዜ መሀል ላይ ይቆማል፤ አባትየው አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቀው ይቀራሉ።

እሁድ ጠዋት፣ ከአዲስ አበባ በሰው ያስመጣትን የላፕቶፕ ማፍጠኛ ሚሞሪ ሊቀይር ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። መብራት ስለጠፋ ቤቱ ጨለማ ነበር። ባትሪውን ነቀለ፤ የሆዱን ክዳን ፈታ፤ አሮጌዋን አውጥቶ አዲሷን ቀጭ እስክትል ተጫናት። ክዳኑን ሊያስር ሲል ከአራቱ ብሎኖች አንዷ የለችም።

ከስንዴ ፍሬ አትበልጥም። መሬት ወድቃ ከሆነ ደግ፤ ውስጥ ገብታ ከሆነ ግን ላፕቶፑን ማብራት ማቃጠል ነው፤ አባቱን ዳግም መቅበር። ገልብጦ አራገፈው፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ተንበርክኮ ቀዩን አፈር በጣቱ ይበጥር ጀመር።

እማማ ኢቲዳል ከበራቸው ሆነው ሲያዩት ቆይተው መጡ። ምን እንደጠፋው ጠየቁት፤ ነገራቸው። ብረት መሆኗን ሲሰሙ ሳቁ።

"አንተ መምህር፣ መንጌ ላይ ሰው እንዲህ በጣት ቢፈልግ ራብ ይገድለዋል።"

እዚያው አሶሳ አቅራቢያ፣ መንጌ በሚባለው የወርቅ አገር፣ ወርቅ ሲያጥቡ ያደጉ ናቸው። አሮጌ ገበቴ ከጓዳ አወጡ፤ የደጃፉን አፈር ጠርገው ከተቱበት፤ ውሃ ጨምረው ያሽከረክሩት ጀመር። ቀይ ውሃ በገበቴው ከንፈር እየፈሰሰ ወረደ።

"ቀላል ይሄዳል፤ ከባድ ይቀራል" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

በመጨረሻ ከታች ጭብጥ የማትሞላ ጥቁር አሸዋ ቀረች። መሀሏ ላይ ብሎኗ ታበራለች።

አምባው ክዳኑን አስሮ ባትሪውን መለሰ፤ አብርቶ ቪዲዮውን ከፈተ። አባቱ ስለ በሬያቸው፣ ስለዘገየው ዝናብ አወሩ፤ የሚደርቁበት ቦታ ላይ ደረሱ፤ አለፉት። "በል እንግዲህ ልጄ" ብለው ጨረሱ። ዘመናይ ልትዘጋ ስትል እጃቸውን አነሱ።

"ቆይ፣ አትዝጊው።"

ከዚያ ቪዲዮው እስኪያልቅ ዓይናቸውን ከካሜራው ሳይነቅሉ ልጃቸውን አዩት።

እማማ ኢቲዳል አብረውት ሲያዩ ቆይተው፣ አባትህ በሕይወት አሉ ወይ ብለው ጠየቁት። የሉም አላቸው። አላህ ይማራቸው ብለው ገበቴያቸውን ፀሐይ ላይ ደፉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ደጃፉ ገና እርጥብ ነበር። አምባው ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ጀመረው፤ ድምፁን ግን እስከ እሳቸው በር እንዲሰማ ከፍ አደረገው።