የስድስት መቶ ሜትር ጠመንጃ

ሻለቃ ባሻ ሳህሉ ወልደ ተንሣኤ ጠመንጃ ያውቃሉ። ይህን አዘውትረው የሚናገሩት እሳቸው ራሳቸው ቢሆኑም ውሸት ግን አልነበረም። በጦር ሠራዊቱ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት የተኩስ አሠልጣኝና የመሣሪያ ጠጋኝ ነበሩ። በእጃቸው ያለፈው ጠመንጃ በሙሉ ቢደረደር ሮማ ውስጥ ከካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ተነስቶ የኤስኲሊኖን ሰፈር አቋርጦ ይሄዳል። ደርግ ባልደረቦቻቸውን አንድ በአንድ መልቀም ሲጀምር ተራቸው እስኪደርስ አልጠበቁም፤ በመተማ አድርገው በእግራቸው ወደ ሱዳን ወጡ። በ1972 ዓ.ም. ክረምት ሮማ ሲገቡ ንብረታቸው የለበሱት ልብስና በጉያቸው የያዙት አንድ ደብተርና አንዲት ትንሽ መፍቻ ብቻ ነበር።

ደብተሩ ውስጥ ያለው ቁጥር ነው። ለመቶ ሜትር፣ ለሦስት መቶ፣ ለስድስት መቶ ማነጣጠሪያው ሲዞር ስንት ጠቅታ ከፍ እንደሚል በጥቁር ቀለም፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ባሻ ሳህሉ ባሠለጠኑበት ቡድን ማነጣጠሪያ መንካት የሚፈቀደው ለአሠልጣኙ ብቻ ነበር። ተኳሹ በደረቱ ይተኛል፣ ያነጣጥራል፣ ምላጭ ይስባል፤ የቀረው የእሳቸው ሥራ ነው። ማነጣጠሪያውን የምታዞረው ትንሽ መፍቻ ከደረት ኪሳቸው ወጥታ በሌላ ሰው እጅ ገብታ አታውቅም። እንዲያውም ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ እንኳ አብራቸው ትሳለም ነበር ይባላል።

ሮማ ላይ እጃቸውን ይዞ ሥራ ያስገባቸው መብራህቱ ነው። የአስመራ ልጅ ነው፤ ጣልያንኛውን እንደ ውሃ ይጠጣዋል። ኤስኲሊኖ ውስጥ ሲኞራ ኦርኔላ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት የጠመንጃ መሸጫና መጠገኛ አላት፤ መብራህቱ እዚያ ምድር ቤት ሆኖ ብረት ሲወለውል ሰባት ዓመቱ ነው። ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ግራ ገብቷቸው ቆመው ሲያያቸው በሩቁ ለያቸውና «ባሻ» ብሎ ጠራቸው። ባሻ ሳህሉ ድምፁን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ፊቱን ሲያዩ ግን ትንሽ አፈሩ።

ያሳፈራቸው የድሬዳዋው ነገር ነው። በ1963 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ በተደረገ የሠራዊት ውድድር ለስድስት መቶ ሜትር የተሰለፈው ሃምሳ አለቃ መብራህቱ ነበር። አምስት ጥይት ተኩሶ አምስቱም ከዒላማው ጥቁር ክብ በታች አረፉ። ማነጣጠሪያው ከፍ ይበልልኝ ብሎ ለመነ። ባሻ ሳህሉ ደብተሩን አሳዩትና ቁጥሩ ያለው እዚህ ነው፣ የተንቀጠቀጠው እጅህ ነው፣ ሙቀቱ አሸነፈህ አሉት፤ ሰው በተሰበሰበበት። ከቡድኑም አስወጡት። መብራህቱ ዓመት ሳይቆይ ሠራዊቱን ለቆ አስመራ ገባ፣ ከዚያም ወደዚህ ተሻገረ። ሮማ ላይ ከተገናኙ ወዲህ ስለ ድሬዳዋ አንዲት ቃል ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እሳቸውም አላነሱበትም፤ ትክክል ነበርኩ ብለው ስለሚያምኑ ይቅር የሚባባሉበት ነገር አልታያቸውም።

ስምንት ወር ሙሉ የባሻ ሳህሉ ሥራ ምድር ቤቱን መጥረግና ጠመንጃ ዘይት መቀባት ነበር፤ ያውም ያለ ኮንትራቶ፣ ያለ ሥራ ውል። ፔርሜሶ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃዳቸው በሰኔ ያበቃል። ኮንትራቶ ካልተፈረመላቸው ፔርሜሶው አይታደስም፤ ፔርሜሶ ከሌለ ደግሞ ሮማ ውስጥ መጥረጊያ መያዝም ዘበት ነው። ነገሩ እንዲህ ጠብቦ ሳለ ነው አቮካቶው የመጣው።

አቮካቶው ረጅም፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ጠበቃ ነው። በስድስት መቶ ሜትር ውድድር መግባት ፈልጎ ሁለት ጠመንጃ ገዝቶ ሁለቱንም አልወደዳቸውም። የሱቁ አንጋፋ ሠሪ ጡረታ ስለወጣ ሲኞራዋ ምን እንደምትመልስለት ጨነቃት። ባሻ ሳህሉ መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ጠመንጃውን እኔ እሠራለታለሁ ብለህ ንገራት አሉት መብራህቱን። ሲኞራዋ ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። ከዚያ ውሏን ተናገረች፦ ጠመንጃው በስድስት መቶ ሜትር አሥር ጥይት ጥቁሩ ክብ ውስጥ ካስገባ ኮንትራቶውን ትፈርማለች፤ ካላስገባ መጥረጊያው እዚያው አለ።

ባሻ ሳህሉ እንደ ድግስ ጠሪ ደስ ብሏቸው ሥራ ጀመሩ። አቮካቶው ከመደርደሪያው ቀጭንና በአበባ ጌጥ የተቀረጸ አፈሙዝ መርጦ ነበር። እሳቸው ከጥግ ከባድ፣ ላዩ የተጫጫረ አንድ አፈሙዝ አነሱና ወደ መብራት አዙረው ውስጡን ረጅም ጊዜ አዩት። ውስጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ያበራል። አቮካቶው ፊቱ ቅጭም ሲል ባሻ ሳህሉ ሊያገባት ነው ወይስ ሊተኩስባት ብለው ጠየቁ። መብራህቱ ሲተረጉመው ምን ብሎ እንዳለሰለሰው አይታወቅም፤ አቮካቶው ግን ራሱን ነቅንቆ ተስማማ። መብራህቱ ይህን ያህል ጊዜ ሱቁ ውስጥ ሰላም ያወረደው የባሻን አነጋገር እያለሰለሰ ነው።

ለሰደፉ ኖቼ የሚሉትን ጠንካራ እንጨት መረጡ። ብረቱን በኩራዝ ጥላሸት ይቀቡና እንጨቱ ላይ ያስቀምጡታል፤ ያነሱትና ጥላሸቱ የነካበትን ቦታ ብቻ በመላጊያ ፋቅ ያደርጋሉ። እንደገና ይቀባሉ፣ እንደገና ያስቀምጣሉ። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ ብረቱ መኝታው ላይ ልክክ ብሎ ተቀመጠ፤ አፈሙዙ ግን እንጨቱን የትም አይነካም። በመካከላቸው የሲጋራ ወረቀት ከጫፍ ጀምሮ ሲስቡት ሳይያዝ ያልፋል። ምላጩንም በደቃቅ ድንጋይ አለሰለሱት። ሲኞራ ኦርኔላ በየቀኑ ምድር ቤት እየወረደች ማየት አበዛች፤ አንድ ቀን የባሏን አሮጌ የቆዳ ሽርጥ አምጥታ ሰጠቻቸው። ባሻ ሳህሉ ሽርጡን ታጥቀው በደስታ ወፍረው ዋሉ።

ረቡዕ በመቶ ሜትር መተኮሻ ሞከሩት። አምስት ጥይት ተኮሱ፣ አምስቱም አንድ ቀዳዳ ተጋሩ። ጥይቱ አገር ቤት ይተኩሱት የነበረው ዓይነት ነው፤ የማነጣጠሪያውም ጠቅታ ያው ነው። እንግዲህ የቀረው ለስድስት መቶ ሜትር ደብተሩ የሚለውን ያህል ከፍ ማድረግ ነው። ከፍ አደረጉ፣ መፍቻዋን ወደ ኪሷ መለሱ። መብራህቱ ብረት መወልወሉን ትቶ፣ አሎራ፣ እንግዲህ ባሻ፣ የስድስት መቶ ሜትሩ ሜዳ የሚከፈተው ቅዳሜ ነው፣ ማልደን ሄደን አቮካቶው ሳይመጣ ብንሞክረው ምን ይመስልዎታል አለ። ባሻ ሳህሉ ደብተሩን መታ መታ አደረጉ። አሥራ ስምንት ዓመት ያልዋሸ ቁጥር ዛሬ አይዋሽም አሉት። መብራህቱ አንገቱን ደፍቶ ወደ ብረቱ ተመለሰ።

ቅዳሜ ጧት ብርድ ነበር። የተኩስ ሜዳው ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ምድሩ ገበታ ነው፣ ሽቅብም ቁልቁልም የለውም። አቮካቶው ሃያ ጥይት ያለበት ካርቶን ይዞ ምንጣፉ ላይ ተኛ። ባሻ ሳህሉ ማነጣጠሪያውን እንዳይነካ በመብራህቱ በኩል ነገሩት። ሲኞራ ኦርኔላ እጇን ካፖርቷ ኪስ ከትታ ከኋላ ቆመች።

አቮካቶው ረጋ ብሎ አምስት ጥይት ተኮሰ። መብራህቱ በሩቅ ማያ መነጽሩ ወደ ዒላማው ተመለከተና መልሶ ባሻ ሳህሉን አያቸው። ባሻ ሳህሉ መነጽሩን ተቀበሉት። ጥቁሩ ክብ ንጹሕ ነው። ከሱ በታች፣ ከመሃሉ ሁለት ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ፣ የወረቀቱ ጠርዝ ሊያልቅ ሲል አምስት ቀዳዳ አለ።

አቮካቶው ከምንጣፉ ተነስቶ መናገር ጀመረ። ባሻ ሳህሉ ጣልያንኛውን ባያውቁትም ቁጣው አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ሲኞራዋ ወደሳቸው ታያለች። ሰኔ ከፊታቸው ድቅን አለባቸው። እጅህ ተንቀጥቅጧል በልልኝ የሚል ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደረሰ። የሚቀል ነገር ነበር። አቮካቶው ሁለት ጠመንጃ ገዝቶ ያልተስማማው ሰው ነው፤ ሲኞራዋም በልቧ የሱን ተኩስ አታምነውም። ይህን ቢሉ የሚያምናቸው አያጡም።

አሁንም መነጽሩን ወደ ዓይናቸው አደረጉ። አምስቱ ቀዳዳ በአንድ መዳፍ ይሸፈናል። የሚንቀጠቀጥ እጅ ጥይት ይበትናል፤ አምስት ጥይት አንድ ቦታ አይሰበስብም። ይህን ለስንት ምልምል አስተምረዋል። ያን ጊዜ የድሬዳዋው ዒላማ መጣባቸው። አምስት ቀዳዳ፣ በአንድ መዳፍ የሚሸፈን፣ ከመሃሉ ወደ አንድ ስንዝር ዝቅ ያለ። በዓይናቸው አይተውት ነበር። አይተውት ሲያበቁ ወረቀቱን አጥፈው ልጁን ከቡድኑ አስወጥተውታል። ብርዱን ረሱት፤ ከአንገታቸው ጀምሮ እስከ ጆሯቸው በሐፍረት ጋሉ።

መነጽሩን አወረዱና ወደ መብራህቱ ዞሩ።

«ድሬዳዋ ላይ ማነጣጠሪያው ስንት ጠቅታ ከፍ ይበልልኝ ነበር ያልከኝ?»

 አቮካቶው እንኳ ከሁለቱ ፊት አንድ ነገር አንብቦ ንግግሩን አቋረጠ።

«አራት» አለ መብራህቱ።

«እጅህ አልተንቀጠቀጠም። ደብተሩ የተጻፈው አዲስ አበባ ላይ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ጥይቱን ይለቀዋል። ቆላ ሲወርዱ ይወፍራል፤ ውሃ ውስጥ ክንድ እንደሚከብደው ጥይቱን ይይዘዋል። እኔ የደጋ ቁጥር ይዤ ቆላ ወረድኩ። አንተ ልክ ነበርክ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዛሬም የኔ ነው።»

«ይህን ለነሱ ልተርጉመው፣ ባሻ፣ ወይስ ለኔ ነው?»

«ለአንተ ነው። ለነሱም ንገራቸው። አንዲት ቃል እንዳታለሰልስ።»

መብራህቱ ተረጎመው። ባሻ ሳህሉ የሚሰሙት ድምፁን ብቻ ነው፤ ከመሃል አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ሲሰበር የትኛው ቃል ላይ እንደደረሰ ገባቸው። ሲኞራ ኦርኔላ እጇን ከኪሷ አወጣች። አቮካቶው አንዴ ባሻ ሳህሉን፣ አንዴ መብራህቱን ያያል።

ከዚያ ሁለቱ ምንጣፉ አጠገብ ቁጢጥ ብለው መቁጠር ያዙ። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ግማሽ መንገድ መውረድ ነው፤ አራት። እዚህ ባሕሩ አፍ ላይ ናቸው፣ ሙሉውን ወርደዋል፤ ስምንት። መብራህቱ የጧቱ ብርድም አየሩን ያወፍረዋል፣ አንድ እንጨምር አለ። ባሻ ሳህሉ ተስማሙ። ከደረት ኪሳቸው መፍቻዋን አወጡና ለመብራህቱ ሰጡት። መብራህቱ መፍቻዋን መዳፉ ላይ አስቀምጦ ትንሽ አያት፤ ከዚያ ጠመንጃው ላይ ጎንበስ አለ። ዘጠኝ ጠቅታ ተቆጠረ።

አቮካቶው እየተጠራጠረ ተመልሶ ተኛ። የመጀመሪያውን ሲተኩስ መብራህቱ መነጽሩን ለባሻ ሳህሉ አቀበላቸው፤ እሳቸው ግን መልሰው ለሱ ሰጡት። ስለዚህ ያየው እሱ ነው። «ውስጥ» አለ። ሁለተኛውም ውስጥ ነበር። አሥሩም እስኪያልቅ መብራህቱ ከዚህ ሌላ ቃል አልተናገረም፤ አሥር ጊዜ «ውስጥ» አለ። አቮካቶው ሲነሳ ቁጣው ጠፍቶ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር፤ የባሻ ሳህሉን እጅ ይዞ ናጠው። ሲኞራ ኦርኔላ ቫ ቤኔ፣ መልካም ነው አለች፣ ሰኞ ጧት ኮንትራቶውን ይዛ ምድር ቤት እንደምትወርድም ተናገረች። ጥፋቱን ራሱ ላይ የሚያገኝ ሠሪ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዳላጋጠማትም ጨመረች። መብራህቱ ይህንንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመው።

ባሻ ሳህሉ ተንፈስ አሉ። ሄደው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ኮንትራቶውም ፔርሜሶውም በእጃቸው እንደገባ ያህል ነው፤ ያም ሆኖ ደስታው ሙሉ አልሆነላቸውም። መብራህቱ መጥቶ ከጎናቸው ተቀመጠና መፍቻዋን መለሰላቸው።

«እኔም አምኜዎት ነበር፣ ባሻ» አለ። «እጄ ነው ብዬ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንዲት ጥይት ተኩሼ አላውቅም።»

ሰባት ዓመት የሰው ጠመንጃ ሲወለውል የኖረ ሰው ነው ይህን የሚለው። ባሻ ሳህሉ ቢሰድባቸው፣ ቢቆጣቸው በወደዱ ነበር። እሱ ግን አልተቆጣም፤ እውነቱን ብቻ ነው የነገራቸው። ይቅርታ አድርግልኝ የሚለው ቃል አነሰባቸው። ተነሱ።

አቮካቶው ጠመንጃውን ወደ ማኅደሩ ሊመልስ ጎንበስ ብሎ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ አምስት ጥይት ቀርቷል። ባሻ ሳህሉ ጣልያን አገር ከገቡ ጀምሮ ከቻኦና ከግራትሲዬ ያለፈ ነገር በገዛ አፋቸው ተናግረው አያውቁም። አሁን ሽርጥ የታጠቁ ይመስል ልብሳቸውን አስተካከሉና መጀመሪያ ካርቶኑን፣ ቀጥለው ከኋላቸው የተቀመጠውን ሰው በጣታቸው አመለከቱ።

«አቮካቶ» አሉ። «ቺንኩዌ ኮልፒ። ፔር ሉዊ።»

መብራህቱ እንደ ልማዱ ሊተረጉምላቸው ብድግ ብሎ ነበር። አቮካቶው ከምንጣፉ ገለል ብሎ ጠመንጃውን ሲያቀብለው ነው አምስቱ ጥይት ለራሱ መሆኑ የገባው። እጁን ዘርግቶ አየው፤ አልተንቀጠቀጠም። ጃኬቱን አወለቀና ምንጣፉ ላይ ተኛ።