ከቀርከሃው ኮርኒስ በላይ

ጋሽ የኋላሸት አዳራሻችን ውስጥ ሲቀመጡ ያየ ሰው የለም። ሰርግም ይሁን ስብሰባ፣ ሦስተኛው መስኮት አጠገብ ቆመው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ። አዳራሹ በ1971 ዓ.ም. ሲሠራ ዋና አናጺው እሳቸው ነበሩ፤ ከዲክሲስ እስከ ኢተያ የተወራለትን የቀርከሃ ኮርኒስም የሰፉት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ኩራት ነው ብለን ትተናቸው ነበር። እኔማ ጎረቤት ነኝ፣ ዝም አልልም፤ «ጋሼ፣ በዓይንዎ እንዳይበሉት!» እላቸዋለሁ። «አሰፋሽ፣ ምላስሽን ያዢ» ይሉኛል። እንዲህ ነው የምንኖረው።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ግን ሰውየው ጭራሽ ማረፍ አቃታቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። አዳራሹ አርጅቷል፣ ፈርሶ በብሎኬት ይሠራ የሚል ሐሳብ መጣ። የአዳራሹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ኦቦ ሁሴኖ «ሬሳዬን ተራምዳችሁ!» ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ አሰላ ሲመላለስ ከረመና፣ በመጨረሻ በቅርስነት የምትመዘግብ ባለሙያ ሐሙስ ትመጣለች ተባለ። የልጄ የሀሴት ሰርግ ደግሞ በዚያው ሳምንት እሑድ ነው፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ የኋላሸት ሦስት ጊዜ ግቢዬ መጡ። መጀመሪያ፣

«ስንት ሰው ጠርተሻል?»

«አራት መቶ።»

«ይጨፍራሉ?»

«ታዲያ ለቅሶ ነው እንዴ ጋሼ?»

ሄዱ። ሽንኩርቴን ልጬ ሳልጨርስ ተመለሱ። «ድንኳን ብትጥዪ አይሻልም? አየሩ ጥሩ ነው።» ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ሦስተኛ ሲመጡ ከዘራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያዛወሩ ቆዩና ወጡ። አዳራሹን ለሰርጌ ሰስተው መስሎኝ ተቀየምኩ። ለባሌም ነግሬዋለሁ፤ አልዋሽም።

ሐሙስ ባለሙያዋ መጣች። ሮሐ ትባላለች፣ ቀጭን ልጅ ናት፣ ሥራ ታውቃለች። የድንጋዩን ግድግዳ ለካች፣ በሩን አንኳኳች፤ ኮርኒሱ ጋ ስትደርስ አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባዋ ተኝታ ፎቶ አነሳች።

«እንዲህ ያለ ስፌት አይቼ አላውቅም» አለች። «አዳራሹን ቅርስ የሚያደርገው ዋናው ይሄ ነው።»

ኦቦ ሁሴኖ ደረቱን ነፋ። እሱ እንደሰፋው!

«ከተፈረመ በኋላ ግን ያለ ፈቃድ አይነካም። ሚስማር እንኳ አይመታበትም።»

«ማን ይነካዋል?» ብሎ ሁሴኖ እስክሪብቶውን አወጣ።

«ቆይ ሁሴኖ» አሉ ጋሽ የኋላሸት።

ጥግ ላይ የነበረውን መሰላል ጎትተው ሦስተኛው መስኮት አጠገብ አቆሙት። በሰባ ሦስት ዓመታቸው! ቢላዋ ከኪሳቸው አወጡና ኮርኒሱን መቅደድ ጀመሩ።

«ማል ጎታ? ምን እያደረግክ ነው አንተ ሰውዬ? አበደ! ያዙት!» አለ ሁሴኖ።

ማንም አልያዛቸውም። እኔ መሰላሉን ያዝኩ፣ ከነእሳቸው እንዳይወድቅ። ስንት ዓመት የተጠራቀመ አቧራ ፊቴ ላይ ወረደ፤ የክንድ ያህል ቀዳዳ ተከፈተ።

«ወደ ላይ ውጪና እዪ፣ ልጄ» አሏት ሮሐን፣ ከመሰላሉ እየወረዱ። «ጣሪያውን የተሸከመው አግዳሚ አንድ ግንድ አይደለም። ጥዱ ከጭላሎ ሲወርድ ተሰነጠቀ፣ ሌላ ለማምጣት ጊዜ አልነበረም፤ ምረቃው ለአብዮት በዓል ነው ተብሏል። ሁለቱን ቀጠልኳቸው። ብናገር አሻጥር ነው ብለው ይወስዱኝ ነበር። ቅጥያው እንዳይታይ ኮርኒስ ሰፋሁ።»

«መንግሥት ከተቀየረ በኋላስ?» አልኩ፤ አፌ መቼ ያርፋል።

«ያን ጊዜማ ኮርኒሱ ስም አውጥቶ ነበር። አፈርኩ።»

ሮሐ ባትሪ ይዛ ወጣች። ስትወርድ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር፣ ግማሹ አቧራ ነው። «ቅጥያው ሁለት ጣት ያህል ተከፍቷል» አለች።

እኔ በሐሳቤ አራት መቶ ሰው እያስጨፈርኩ ነበር።

«እኔ እኮ እዚህ ስር ነው ያገባሁት!» አለ ሁሴኖ።

«አውቃለሁ። አንተ ስትበላ እኔ አግዳሚውን ስጠብቅ ነበር።»

«ብትጠብቅስ? ሲወድቅ በእጅህ ልትይዘው ነበር?»

«መጮህ አያቅተኝም ነበር።»

ሁሴኖ ሊስቅም ሊያለቅስም አማረውና ወደ ሮሐ ዞረ። «በቃ፣ ፎርሙ ተቀደደ? ይፈርሳል?»

ሮሐ ወረቀቷን ጀርባውን ገለበጠች። «አባባ፣ አሁን የነገሩንን ቀስ ብለው ይድገሙልኝ። ልጽፈው ነው።» ከዚያ ለሁሴኖ፣ «መጀመሪያ ምሰሶ፣ ከዚያ ፊርማ። ቅዳሜ እመለሳለሁ።»

አርብ መንደሩ በሙሉ ወጣ። ሁሴኖ ለቤት መሥሪያ ያቆየውን ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ በጋሪ አመጣ። ጋሽ የኋላሸት ቁጭ ብለው ይዘዙ ተባሉ፤ አልሰሙም፤ «ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩ!» እያሉ ሲዞሩ ዋሉ። ቅዳሜ ሮሐ ምሰሶውን በትከሻዋ ገፍታ ፈተነችና ፈረመች። እኔ ቀዳዳውን ለሰርጉ በነጠላ ልሸፍነው ብል ከለከለችኝ። «እሱም ተመዝግቧል፣ አይነካም» አለች። እንግዲህ የልጄ የሰርግ ፎቶ ሁሉ ላይ ያ ቀዳዳ አለ።

እሑድ ሁሴኖ ጋሽ የኋላሸትን እጃቸውን ይዞ፣ ሦስተኛው መስኮት አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ተቀመጡ! ሰሃናቸውን ጨረሱ፣ ተጨመረላቸው፣ እሱንም ጨረሱ። ደስ ብሎኝ ሌላ ይዤላቸው ብሄድ አንገታቸውን አስግገው ወገባቸውን ከወንበሩ ከፍ አድርገዋል።

«ደግሞ ምን ሆኑ ጋሼ? አሁንማ ምሰሶ አለው።»

«እሱን ነው የማየው» አሉ። «ሚዜዎቹን ተመልከቻቸው፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው የሚደገፉት።»

ሰሃኑን አስይዣቸው ሄድኩና ሚዜዎቹን አባረርኩ። ስመለስ ቆመው እየበሉ ነበር።