ቀይ ክር የታሰረባት ድስት

ውብነሽ በሰው ቤት፣ በሰው ልብስ ወይም በሰው ባል የምትቀና ሴት አልነበረችም። ይህን መካኒሳ አቦ ሰፈር ሁሉ ይመሰክርላታል። የቀናችው በገዛ ልጇ ነው፤ ያውም ልጅቷ ክብደት መጨመር ከጀመረች በኋላ።

ባሏ አምሐ ሰሜን ግንባር ከዘመተ ዓመት ሊሞላው ነው። እሷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ኮሌታ ስትገጥም ትውላለች፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ የውይይት ክበብ አለ፣ መቅረት ብሎ ነገር የለም። የስምንት ወሯ አፀደ ታዲያ ማን ጋ ትዋል? ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ቀመሪያ ናት መላ ያመጣችው።

«እኔ ጋ ትዋል እንጂ! መሐሙድም ጓደኛ ያገኛል።»

መሐሙድ የአፀደ እኩያ ነው፤ ጉንጩ የተነፋ፣ ታፋው እጥፍጥፍ ያለ ልጅ። አፀደ ግን ያን ጊዜ አምስት ኪሎ ተኩል ብቻ ነበረች። ጤና ጣቢያ ሲስተር ተናኘወርቅ ሚዛኑ ላይ አንጠልጥላ ከመዘነቻት በኋላ ካርዷ ላይ ነጥብ አደረገች፤ ነጥቡ ከመስመሩ በታች ወደቀ። ሲስተር ከንፈሯን መጠጠችና ፋፋ የሚባለውን የሕፃናት ዱቄት አዘዘችላት። ቡናማ ጠርሙስ የቫይታሚን ሽሮፕም ጨመረችላት፣ በቀን አንድ ማንኪያ።

ፋፋው ቀመሪያ ቤት ገባ። ሽሮፑን ግን ውብነሽ ለማንም አላስነካችም። ጠዋት ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ልጅቷን ጭኗ ላይ አጋድማ በገዛ እጇ ታጠጣታለች፣ ማንኪያውን ታስልሳታለች፣ ጠርሙሱንም በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች። ከሙሉው ቀን ለእሷ የተረፈቻት ያቺ አንዲት ማንኪያ ነበረች።

በሰባት ወር ውስጥ አፀደ ስምንት ኪሎ ተኩል ገባች። ሲስተር ተናኘወርቅ ካርዱን ከፍ አድርጋ ለተሰለፉት እናቶች አሳየች።

«እናት ማለት ይቺ ናት! ምን እያበላሻት ነው?»

«ቫይታሚኗን አላቋርጥባትም» አለች ውብነሽ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

ቀመሪያ መሐሙድን አዝላ አጠገቧ ቆማለች። ፈገግ ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለችም። ውብነሽን ያበገናትም ይኸው ዝምታ ነው። ቀመሪያ እኔ ነኝ ያሳደግኋት ብትል ውብነሽ መልስ አታጣላትም ነበር፤ ዝም ላለ ሰው ምን ይባላል?

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ይቆረቁራት ጀመር። አመሻሽ ላይ ልትወስዳት ስትመጣ አፀደ የቀመሪያን ቀሚስ ጨብጣ ትጮሃለች። እሑድ ውብነሽ እቤት ስትውል የሰጠቻትን ገንፎ እንትፍ ትልባታለች፤ ቀመሪያ በግቢው ስታልፍ ካየች ግን እጇን ዘርግታ ትፍለቀለቃለች። ዘጠኝ ወር ሙሉ ተሸክማት፣ ሁለት ቀን ሙሉ አምጣ የወለደቻት እናት ቁጭ ብላ ታያለች። አንድ ቀን ልጅቷ ቀመሪያን «እማ» ስትላት ሰማችና የዚያን ዕለት እራት ሳትበላ ተኛች።

ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ፋብሪካው መብራት ጠፍቶበት ሠራተኛው በጊዜ ተለቀቀ። ውብነሽ እየተጣደፈች መጥታ የቀመሪያን በር ገፋ አደረገችው። ቀመሪያ ሁለቱን ሕፃናት ፊት ለፊት አስቀምጣ ታበላለች። ለመሐሙድ ከትልቁ ድስት ትጨልፋለች፣ የሥጋ መረቁ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ለአፀደ ደግሞ ጆሮዋ ላይ ቀይ ክር ከታሰረባት ሚጢጢ ድስት። በሩ ላይ ጥላ ሲያጠላ ቀመሪያ ደንገጥ አለችና ትንሿን ድስት በሰፌድ ከደነቻት።

ውብነሽ ደሟ ፈላ። ለገዛ ልጇ መረቅ፣ ለኔ ልጅ በሌላ ድስት! ያውም ከኔው ከእናቷ ተደብቆ! ልጅቷ ሦስት ኪሎ የጨመረችው ከዚያችው ድስት በልታ መሆኑ ውል አላላትም። ቅናት የያዘው ሰው የሚያየው መርጦ ነው።

«ከነገ ጀምሮ እማማ ገበያነሽ ጋ ትውላለች» አለች ልጇን አንስታ። «አንቺም ትንሽ እረፊ።»

«ምን አጠፋሁ ውብዬ?»

«ምንም።»

ቀመሪያ ትንሿን ድስት አንስታ እስከ ደጅ ተከተለቻት። «እሺ ድስቷን እንኳ ውሰጂላት።»

«ቤቴ ድስት አላጣሁም!»

እማማ ገበያነሽ የሰፈሩ ደግ አሮጊት ናቸው። ችግራቸው ጾም ላይ ነው። ሁዳዴ ሲገባ እንቁላልና ቅቤ እንኳን ሊበላ፣ ስሙም ቤታቸው አይነሳም። ለልጅቷ ቀጭን የገብስ አጥሚት ያጠጧታል።

«በአምላክ ቸርነት ታድጋለች ልጄ። እኛስ በምን አደግን?» ይሏታል።

ውብነሽም አልተጨነቀችም። ቫይታሚን አለ አይደል? የጎደለውን እሱ ይሞላዋል ብላ ጠዋት የነበረውን አንድ ማንኪያ ጠዋትና ማታ አደረገችው። የወሩ ጠርሙስ ሲያልቅ ብስራተ ገብርኤል ድረስ ሄዳ ከፋርማሲ ሌላ ገዛች። ልጅቷ ጉንጯ እየሟሸሸ ስትሄድ ጥርስ እያበቀለች ነው አለች። ልቅሶዋ ሲበዛ ደግሞ ቀመሪያ አሞላቅቃብኝ ነው አለች።

በወሩ ሲስተር ተናኘወርቅ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየችው። ሰባት ኪሎ ተኩል።

«ምን አቋረጥሽባት?»

«ምንም አላቋረጥኩ ሲስተር። እንደውም ቫይታሚኑን እጥፍ አድርጌዋለሁ።»

«ማን አድርጊ አለሽ? ቫይታሚን እኮ ምግብ አይሆንም እህቴ! ለሚበላ ልጅ ያግዘዋል እንጂ እሱ ብቻውን ልጅ አያሳድግም።» ካርዱን አዙራ በእስክሪብቶ ነካ ነካ አደረገችው። «እስከዚህ ድረስ መስመሩ ወደ ላይ ነው። ያን ጊዜ ምን ነበር የምትበላው? ወደዚያው እንመልሳት።»

ውብነሽ ሰባት ወር ሙሉ ልጇ ምን ስትበላ እንደነበር አንድም ቀን አልጠየቀችም። መጠየቅ የቀመሪያን ውለታ ማመን መስሎ ታይቷት ነበር። አሁን ሰልፉ ላይ ያሉት እናቶች ሁሉ ያይዋታል።

«አላውቅም» አለች።

ከጤና ጣቢያው እስከ ቀመሪያ በር ድረስ መንገዱ ረዘመባት። ሁለት ጊዜ ቆማ ልትመለስ አሰበች፤ ትከሻዋ ላይ የተጋደመችው ልጅ ግን ቀልላት ነበር፣ ያ ክብደት ማጣቷ ነው የገፋት። ቀመሪያ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው አፀደን ነው።

«ያ ረቢ! ልጄን ምን አደረግሻት?»

ልጄን። በሌላ ቀን ቢሆን በዚህች ቃል ይጣሉ ነበር። ውብነሽ ዋጥ አደረገችውና፣ «ምን ነበር የምታበያት?» አለች።

ቀመሪያ መደርደሪያው ላይ ጨርቅ የተጣለባትን ትንሽ ድስት አወረደች። ቀይ ክሯ እንዳለ ነው። ወር ሙሉ ማንም አልነካትም።

«ፋፋው፣ በጥቂቱ የባቄላ ዱቄት፣ የእንቁላል አስኳል፣ የተጨፈለቀ ጎመን። ሲወርድ ቅቤ ጠብ አደርግበታለሁ። ሲስተር ናቸው ሮብ ሮብ ጤና ጣቢያ ያስተማሩን። አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ።»

«ታዲያ ለምን ለብቻዋ በሌላ ድስት?»

«እንዴ! በኛ ሥጋ የነካካ ድስት ላበላት ነበር? አንቺ ባታዪኝም ክርስቲያን ናት እኮ ልጅቷ። ክሩን ያሰርኩት የባሌ የሸምሱ እህት ስትመጣ ሳታውቅ የሥጋ ወጥ እንዳትሠራበት ብዬ ነው።»

«የዚያን ቀን ስታዪኝ ለምን ከደንሽው?»

ቀመሪያ አቀረቀረች። «በር ላይ ሰው ሲቆም የልጅ ምግብ አይከደንም እንዴ? ዓይን እንዳያርፍባት ነዋ። አንቺ መሆንሽን መቼ ለየሁ?»

ዓይኑስ የኔው የቅናት ዓይን ነበር አለች ውብነሽ በልቧ።

ቀመሪያ ገንፎውን ሠራችና ድስቷን ለውብነሽ አቀበለቻት። «አብያት።» ውብነሽ ማንኪያውን ዘረጋች። አፀደ ከንፈሯን ገጠመች፣ ፊቷን አዞረች፣ በእጇ ገፋችው። ዓይኗ ቀመሪያ ላይ ነው። ሁለተኛም ሦስተኛም ሞከረች፣ ያው ነው። ውብነሽ ማንኪያውን ለቀመሪያ ልትሰጥ እጇን ዘረጋች።

ቀመሪያ አልተቀበለቻትም። ይልቅ ዘወትር የማይለያትን አበባማ ሻሽ ከራሷ ፈትታ ውብነሽ ላይ አሰረችላት፣ እስከ ግንባሯ ዝቅ አድርጋ። ከዚያ ልጅቷ እንዳታያት ሄዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች።

አፀደ ሻሹን አየችው። በጣቶቿ ጫፉን ያዘችና ሳብ አደረገችው። ከዚያ አፏን ከፈተች።

አንድ ማንኪያ። ሁለት። ድስቷ እየጎደለች ሄደች።

«በላች?» ስትል ቀመሪያ ሳትዞር በሹክሹክታ ጠየቀች።

ውብነሽ አልመለሰችላትም። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ ግን ድምፄን ከሰማች ልጅቷ ቀመሪያ አለመሆኔን ታውቅብኛለች ብላ ፈራች።